ለቤንያሚን የተላከ ጓጉንቸር

ለውድ እህቴ ለእትዬ አበሩ፤

እንደምን ከረምሽ? ያ የግራ እጅሽ መደንዘዝ ተወሽ ወይስ አሁንም ሊጥ ስታቦኪ ያስቸግርሻል? እምዬስ እንዴት ናት? የላክሁላትን መነጽር ታደርገዋለች ወይስ እንደ ድሮው በመሐረብ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች? ያመቱ እህልስ እንዴት ያዘ? እኔ፣ ሐረጊቱና ልጆቹ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ለወጉ ያህል አይደለም። እበላለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ በቀኝ ጎኔ መተኛት ብቻ አልችልም። ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

በስልክ ያልነገርሁሽ፣ አንቺ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ቤት ሙሉ ሰው ስለምታሰሚ ነው። እምዬ ከሰማች እንቅልፍ የላትም። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ፍቅሬ ይዞልሽ ይመጣል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢውና ለልጅሽ ለቤንያሚን ስጪው። የጻፍሁት በእሱ ምክንያት ነው። ባለፈው ስንነጋገር ወፍጮ ቤት ሥራ እንደያዘ፣ ድንጋዩን ገብቶ ሲጠርግ የባለቤቱ የወንድም ልጅ ማብሪያውን እንደሚጠብቅለት፣ እንደ ወንድሙ እንደሚያየው ደስ ብሎሽ ነገርሽኝ። ያን ጊዜ ደረቴ በፋሻ ታስሮ ነበር።

ሥራዬ እንደምታውቂው ከአሽዶድ ወደብ ጀርባ ባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የቆሸሸ ውኃ በሚጣራበት ቦታ ነው። የምጠብቀው አንድ የብረት ገንዳ ነው፤ ስፋቱ የአንድ ክፍል ያህላል። ትልቁን ከመገንባታቸው በፊት በትንሹ ይሞክሩበታል፤ ፓይሎት ይሉታል። የደፈረሰው ውኃ መድኃኒት ተጨምሮበት ይገባል፤ ከዚያ ሰፋፊ መቅዘፊያዎች በዝግታ ያማስሉታል። ደቃቁ ቆሻሻ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ ቅል ውስጥ እንደሚሰበሰብ ቅቤ ፍሬ ፍሬ ይሠራና ወደሚቀጥለው ገንዳ አልፎ ይዘቅጣል። መቅዘፊያው ከፈጠነ የተያያዘው ይበተናል፤ ከዘገየ ደግሞ እዚያው ሥር ተኝቶ ይሸታል። ሲሸት ውኃውን አፍስሰን፣ ገብተን እንጠርጋለን።

ለመግባት ሕግ አለ። የሚሠራ ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር፣ የሞተሩ ማብሪያ ባለበት ከታች ባለው የመብራት ሣጥን ላይ ሰቅሎ ይቆልፋል፣ ቁልፉንም በራሱ ኪስ ይይዛል። የሁሉም ጓጉንቸር ካልወረደ ሞተሩ አይነሣም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ገንዳው ሸተተ። እሑድ ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ከገባ ደግሞ የሚነካው የለም። ስለዚህ በዚያው ቀን ተጠርጎና ሞልቶ መዞር ነበረበት። አለቃችን ራሕሚም ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። አብራኝ የምትሠራው ኤፍራት ናት። አባቷ የአርማጭሆ ሰው ነው፤ እሷ እዚህ ብትወለድም አስተዳደጓ የእኛው ነው፣ ሁልጊዜ አንቱ ትለኛለች። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ታውቃለች። ጓጉንቸሬን ይዤ ወደ ደረጃው ስሄድ እጇን ዘረጋች።

«ለእኔ ይስጡኝ ጋሼ። አንቱን በዚህ ጉልበት ምን ያመላልስዎታል?» አለች።

ሰጠኋት። ደስም አለኝ። እዚህ አገር የገዛ ልጆቼ እንኳ ዘንቢሌን አይቀበሉኝም።

ሁለቱንም ጓጉንቸር ሰቅላ ሁለቱንም ቁልፍ ኪሷ ከተተች። እሷ ከታች የመድኃኒቱን ቧንቧ ስታጥብ፣ እኔ ጫማዬን ከገንዳው አፍ አጠገብ አውልቄ የጎማ ቦት አጠለቅሁና ገባሁ። ጠርጌ ወጣሁ። የመብራት ሠራተኛው ማኦር አየኝና ስሜን ጠርቶ «አሳምነው ወጥቷል» ብሎ ወደ ታች ተጣራ። እኔ ግን ዞር ብዬ ሳይ ከታችኛው መቅዘፊያ ሥር ገመድ ተጠምጥሟል። መጥረጊያዬን ይዤ ተመልሼ ወረድሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ጓጉንቸሬ እስካለ ድረስ ምን ያስፈራኛል ብዬ ነው። ኤፍራት በበኩሏ፣ ጋሼ ለመክፈት ብለው እንደገና ደረጃ አይውረዱ ብላ የኔንም ከፈተችልኝ። ማኦርም ወርዶ፣ ውኃ ከመሞላቱ በፊት ለመሞከር ሞተሩን አስነሣው።

መቅዘፊያው ዝግ ያለ ነው ብዬሻለሁ። የሚያስፈራው ይኸው ነው። አይመታም፣ ይገፋል። ጀርባዬን አገኘውና ቀስ እያለ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። ለመጮህ ትንፋሽ አልነበረኝም። የመጥረጊያውን እጀታ በመሐል ሰነቀርሁት። እንጨቱ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ተሰበረ። ቀጥሎ የጎኔ አጥንት ሲሰነጠቅ ሰማሁት። እምዬንም ልጆቼንም አላሰብሁም። ያሰብሁት ቁልፌ ኪሴ ውስጥ አለመኖሩን ነው።

ያተረፈኝ ጫማዬ ነው። ኤፍራት የሚጠጣ ውኃ ይዛልኝ ስትወጣ ጫማዬ አለ፣ እኔ የለሁም። በዕብራይስጥ «ማኦር፣ አጥፋው፣ ሰው አለበት!» ብላ ጮኸች። ቆመ። መቅዘፊያውን ወደ ኋላ በእጅ አዙረው አወጡኝ።

ራሕሚም ሐኪም ቤት መጥቶ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ ይፈልጋል። ቁልፌን ሳልሰጣት ወሰደችው ብል ጥፋቱ የአንድ ሰው እንደሚሆን ነገረኝ። አንድ ሰው ማለት ኤፍራት ከሥራ ትወጣለች ማለት ነው። ዘርግቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ አልሁት። ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ተጻፈልን፤ ሁለታችንም ሥራችን ላይ ነን።

ከዚያ አባቷ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ድረስ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ይቅርታውን ሳትጠይቁኝ ሰጥቻለሁ፣ ብቻ ሥራ ቦታ እንዳታከብረኝ ንገሯት አልኋቸው። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄን ባለጌ ሁኚ ልበላት ነው?»

«ሣጥኑ ዘንድ ስትደርስ ብቻ» አልሁት።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ተመለስሁ። ገንዳው እንደገና ሸቶ ነበር። ጓጉንቸሬን ይዤ ስነሣ ኤፍራት አብራኝ ተነሣች። እጇ ሊዘረጋ ሲል አየሁት፤ መልሳ ወደ ኋላዋ አደረገችው። እያነከስሁ ወረድሁ፣ ሰቀልሁ፣ ወጣሁ። እስክመለስ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።

እንግዲህ እምዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ጎኔ ግን አንዲት ቃል እንዳታነሺባት። ለባለቤትሽ ለጋሽ ማሐሪ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የጠየቀኝን የጉልበት ቅባት ፍቅሬ ይዞለታል። ሐረጊቱ ሁላችሁንም በያላችሁበት ትስማለች። ልጄ ሻኬድ አማርኛው ባይሞላለትም አክስቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል።

ለቤንያሚን አንድ ቀይ ጓጉንቸር ልኬለታለሁ። የወፍጮው የመብራት ሣጥን ማንጠልጠያ ከሌለው በብረት ሠሪ ያስበሳው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ትርፉን ሆን ብዬ አስቀርቼዋለሁ። ያ እንደ ወንድም የሚያየው ልጅ አንተ አትድከም፣ እኔ እይዝልሃለሁ ይለዋል፤ ከልቡ ወዶት ይለዋል። አመስግኖ ቁልፉን በራሱ ኪስ ይክተት። አንቺም ምሳውን ይዘሽለት ስትሄጂ ልያዝልህ ብትዪው፣ ለአንቺም አይስጥሽ።

ወንድምሽ አሳምነው
አሽዶድ፣ ሮቫ ቤት ሰፈር
ጥቅምት ፳፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.