ዘካርያስስ ልጁን ታቀፈ

ናቲዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ክረምት አለፈ። ቤታችንን ለቅቄያለሁ፤ አሁን ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት። ለልጅ ብለን ቢጫ የቀባናት ክፍል እዚያው ቀረች።

ሜሮን ወለደች። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ከኋላችን ትቀመጥ የነበረችው፣ ነቢዩ ለእሷም ለእኛም በአንድ ቀን ልጅ ትወልዳላችሁ ብሎ ሲናገር ጮክ ብላ አሜን ያለችው። ባለፈው እሑድ ሕፃኑን ልታስባርክ ይዛ ወደ መድረክ ወጣች፤ ባሏ ጎኗ ቆሟል። ቀናሁ። ለሌላ ሰው አልናገረውም፤ ካንተ ግን ምን እደብቃለሁ? በልጁ ቀናሁ፣ በባሏ ቀናሁ፣ በዚያ ቀላል አሜኗም ቀናሁ።

እኔ ያን ቀን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ነው ያልኩት። ሐኪሙ መውለድ እንደሚከብደን የነገረን ሰሞን ነበር። ላፌዝ አልነበረም። ሕክምናውን እንተው ወይስ እንቀጥል፣ ዝም ብለን እንጠብቅ ወይ፣ ማወቅ ፈልጌ ነው። ሽማግሌዎቹ ተጠራጠርሽ ብለው ከመዘምራን አገዱኝ። አንተም እነሱ ፊት አንገትህን ደፋህ። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው እጄን ይዘህ «እኔም ልጠይቅ ነበር፤ ቀደምሽኝ» ያልከኝ። እዚያው እነሱ ፊት ብትለው ምን ነበረበት?

መኪናህ መተሐራ መንገድ ላይ ተገልብጣ አንተ ስትሞትብኝ ደግሞ የተስፋውን በር የዘጋሁት እኔ ሆንኩ። ለቅሶ ላይ ሳይቀር ምእመናኑ እንዲህ እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

ማርያምም እኮ ይህንኑ ጠይቃለች። መልአኩ አልተቆጣትም፤ አስረዳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በእሷም ቀናሁ። ዘካርያስ ሲጠይቅ አንደበቱ ተዘጋ፤ እሱ እንኳ ግን ልጁን ታቀፈ። ለእኔ የደረሰኝ ዝምታው ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ጥርጣሬዬ ተስፋውን እንዳስቀረው በጉባኤ ፊት ከተናዘዝኩ ወደ መዘምራን እንደሚመልሱኝ ነገሩኝ። መዘመር ምን ያህል እንደናፈቀኝ አንተ ታውቃለህ። ትናንት ጉባኤው ፊት ወጣሁና ማይኩን ተቀበልኩ።

«ያላመነ ሰው ‹አይሆንም› ይላል» አልኩ። «እኔ ግን ‹እንዴት ይሆናል?› ነው ያልኩት። የምናዘዘው የለኝም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሜን ያለ አልነበረም። መዘምራኑ ቀጠሉ፤ የእኔን ክፍል አንዲት አዲስ ልጅ ትዘምረዋለች። ድምጿ ያምራል። በእሷም ቀናሁ።

ከሁሉ ይልቅ የምቀናው ግን ባንተ ነው። እኔ የምጠይቀውን አምላክ አንተ ፊት ለፊት ታየዋለህ። እኔ ገና እዚህ ነኝ፤ እሑድ ደግሞ እሄዳለሁ፣ ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ አምላኬንም እጠይቀዋለሁ። የሚሰማ ባይመስለኝ ኖሮ አልጠይቀውም ነበር።

አልረሳህም ናቲ። የምረሳህ ግን እነሱ እንደሚያወሱህ ባወሳህ ነው። «ሳይጠራጠር አምኖ ሄደ» ሲሉ ከእንግዲህ ዝም አልልም፤ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ባሌ አምኖ ነው የሞተው፤ ጥያቄውንም ይዞ ነው የሞተው። እኔ የማስታውሰው ይህን ሰው ነው።

ሚስትህ