ሁለት ሳይረን በጆሮ ይለዩ የነበሩት የአቶ ሌስተር ኩቼራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሌስተር ኩቼራ ከአባታቸው ከአቶ አዶልፍ ኩቼራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉድሚላ ቫሼክ በነብራስካ ግዛት፣ በዶብሪ ከተማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1956 ተወለዱ። አባታቸው በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበሩ። የጣቢያው ሳይረን በጮኸ ቁጥር ሌሎች ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ሲገቡ፣ እሳቸው ሊሰሙት ይወጡ ነበር።

ትምህርታቸውን በ1974 ጨርሰው በገበሬዎች ማኅበር የእህል ጎተራ ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም አርባ ሦስት ዓመት አገለገሉ። በ1979 ከወይዘሮ አርሊን ሽሚት ጋር በቁርባን ተጋብተው ልጃቸውን ዴኒዝን ወለዱ።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ለእሳትና ለአውሎ ነፋስ የሚያስጠነቅቁት ሳይረኖች በሚፈተኑበት እኩለ ቀን፣ አቶ ሌስተር ከአንዱ ከተማ የሳይረን ምሰሶ ሥር አይጠፉም ነበር። የ231 ከተሞችን ሳይረን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዘመንና የድምፁን ጠባይ በደብተር መዝግበዋል። ወይዘሮ አርሊን "የሰው ባል ሐይቅ ዳር ይወስዳል፣ የእኔው ምሰሶ ሥር" እያሉ ኮላቼ የሚባለውን የፕለም ጣፋጭ ዳቦ ቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር።

የእኛ ከተማ ሳይረኖች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በእሳት አደጋ ጣቢያው፣ ሁለተኛው በባቡር ሐዲዱ አጠገብ። አብረው ሲጮኹ ድምፃቸው ይጋጭና ይንቀጠቀጣል። ኤፕሪል 2 ቀን 2011፣ በፈተናው ቅዳሜ፣ አቶ ሌስተር ሌላ ከተማ ሳይሄዱ ከግቢያቸው ሆነው ሲያዳምጡ መንቀጥቀጡ አልነበረም። ሰኞ በከተማው ስብሰባ ተነሥተው "የሐዲዱ አልጮኸም" አሉ።

የፈተናውን ቅጽ የሚሞላው ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ዌይን ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንዱን ሰምቶ ለሁለቱም "ጮኸ" ብሎ ምልክት አድርጎ ነበር።

"ሌስ፣ አንተ እኮ ጥጃ ሲጮህም ማን እንደሠራው ትጠይቃለህ" ብሎ ዌይን ቀለደባቸው። አዳራሹ ሳቀ።

"ሳቁ ግድ የለም፤ ግን አንድ ሰው ሄዶ ይየው" ብለው ተቀመጡ። ማንም አልሄደም።

በሜይ አውሎ ነፋሱ ሲመጣ የሐዲዱ ሳይረን ዝም አለ። አቶ ሌስተር እንደማይጮኽ ያውቁ ስለነበር ሰማዩ ገና ሲጠቁር መኪናቸውን አስነሥተው፣ ጥሩምባ እየነፉና በር እየደበደቡ ስምንት ቤተሰብ ወደ ምድር ቤት አስገቡ። ዘጠነኛው ቤት ሳይደርሱ ቀሩ። ወይዘሮ ኦፓል ሲድሎ እዚያ ሕይወታቸው አለፈ።

ሳይረኑን መብረቅ መታው ተባለ። የሳቅነው ሁሉ ዝም አልን። አቶ ሌስተርም በወንድማቸው ላይ አንድ ቃል ሳይናገሩ አሥራ ሁለት ዓመት በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ተንበረከኩ።

በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 14 ቀን 2023 በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ አርሊን ደብተሩን ለዌይን ሰጡት። በኤፕሪል 2 ገጽ ላይ "የሐዲዱ አልጮኸም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ነፋሱ ኃይለኛ ነበር፤ ዌይን ሊለየው አይችልም" ይላል።

አቶ ሌስተር በደብተራቸው የጻፉት ውሸት ይህ አንድ ብቻ ነው። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ዛሬ በመካከላችን የተቀመጣችሁ የወይዘሮ ኦፓል ልጆች፣ መብረቅም አልነበረም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

አቶ ሌስተር ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሚያውቁት ድምፅ ይጥራት፤ እኛንም ሲነገረን የምንሰማ ያድርገን። አሜን።