የዘንዶው ስም

ስፔትሴስ ደሴት፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ 1850

ውድ አበልጄ ካፒቴን ፓንዴሊስ፣

የክርስትና ልጅህ ትናንት ቄስ ኒኪፎሮስን ነከሳቸው። እጃቸውን እንዲሳለም ዘረጉለት፤ እሱ ግን መሳለሙን ትቶ አውራ ጣታቸውን በጥርሱ ያዘ። በመከራ ሲያስለቅቁ ምን አሉ መሰለህ? «አልፈርድበትም ካሎሚራ። ዘንዶ እያላችሁ አሳድጋችሁት ምን ያድርግ?»

እንደምን ከርመሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ላጠፋ ሰው ሰላምታ ማብዛት አልወድም። ባሌ ቴዎፍሎስ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ አያውቅም። አንተ የሄድክበት ኦዴሳ የሚባል ከተማ በምድር ላይ መኖሩንም ረስቻለሁ ነው የሚለው። «ታዲያ ያን ሁሉ ስንዴ ስትጭኑ የኖራችሁት ከየት ነው?» ስለው «ከሰሜን» ይለኛል።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ስሙ ዘንዶ ነው። ለአንድ ሁለት ወር ሲሆን ደስ ይላል። ልጁ ቆሞ ሲሄድና ጥርስ ሲያወጣ ግን ቀልዱ ያልቃል። «ዘንዶ፣ ና ሾርባህን ብላ» ብዬ ስጣራ ወደብ የወረዱ እንግዶች ደንግጠው ቆመው ያዩኛል። የጎረቤት ልጆች ይፈሩታል፣ እሱም ይህን ስላወቀ ዳቦአቸውን ይቀማቸዋል። ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ ጢማቸው በሸበተ ሁለት ወንዶች ነው።

ያን የክርስትናውን ቀን ልርሳው ብል እንኳ ሠፈሩ አያስረሳኝም። ውሃው ሞቋል፣ ልጁ ራቁቱን ዘይት ተቀብቷል፣ አንተ አዲሱን ሰፊ ሱሪህን ታጥቀህ አቅፈኸዋል። በሠርጋችን አክሊል የደፋህልን አንተ ነህና የበኩር ልጃችንን ክርስትና ማንሳትም ያንተ ነው። ስሙም ቢሆን የታወቀ ነበር። የበኩር ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፣ አማቴ ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና ኒኮላዎስ ነበሩ። የጋራ መርከባችሁ እንኳ ቅዱስ ኒኮላዎስ ነው የሚባለው። ካንተ የሚጠበቀው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«ስሙ ማን ይባል?» አሉ ቄሱ።

«ኒኮላዎስ» አልክ። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? አላስችል ብሎህ ጨመርክበት፦ «እንደ ታላቁ ንጉሣችን፣ እንደ ሩሲያው ዛር።»

ቴዎፍሎስ ፊቱ እንዴት እንደተለዋወጠ አንተም አይተሃል።

«የማን ንጉሥ ነው የምትለው?»

«የኦርቶዶክስ ሁሉ አባት።»

«ልጄ የሚወርሰው የአባቴን ስም ነው። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ያንተን ዛር በዓይኑ አይቶት አያውቅም።»

«ዛሩም አባትህን አላየውም። ግን ቅር አይለውም።»

ከዚህ በኋላ ባሌ ልጁን ሊነጥቅህ ዘሎ መጣ። ዘይት የተቀባ ልጅ እንደ ዓሣ ነው የሚያሟልጨው። ካንተ እጅ ወጣ፣ ከእሱ እጅም ወጣ፣ ቄስ ኒኪፎሮስ በቀሚሳቸው ሊቀልቡት ሲሞክሩ ገንዳው ተገለበጠ። ልጁ ደህና ነበር፣ እኔ እቅፍ ውስጥ ነው ያረፈው። ግን ያን ቀን ውሃ የነካው ሰው ቄሱ ብቻ ናቸው።

በሳምንቱ መርከቡንም እኛንም ጥለህ ሄድክ። ሌላ የክርስትና አባት እንዳንፈልግ፣ እዚህ ደሴት ላይ የሰው አበልጅ የሚቀማ የለም። ልጁን ሌላ ስም እንዳንሰጠው ቴዎፍሎስ የአባቱን አጥንት ይፈራል። ኒኮላዎስ እንዳንለው ደግሞ ዛሩ ፊቱ ላይ ይደቀንበታል። ልጁም እንዲሁ ዘንዶ ሆኖ ቀረ። ሳይጠመቅ አንድ ነገር ቢያገኘውስ እያልኩ ስንቱን ቀን እንዳለቀስኩ አንዳችሁም አታውቁም።

ወደቡ እንደተውከው ነው፣ ሰዉ ሁሉ በሚደግፈው መንግሥት ተከፋፍሏል። የእንግሊዙ ቡና ቤት፣ የፈረንሳዩ ቡና ቤት፣ ያንተው የሩሲያው ቡና ቤት። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው የሚጨቃጨቁት እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ሩሲያዎች ሁሉ የተወለዱት እዚሁ ነው፣ ግማሾቹ የአክስቶቼ ልጆች ናቸው። ቴዎፍሎስ አሁንም በየማለዳው የእንግሊዙ ቡና ቤት ይገባል፣ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ካርታውን ለሁለት ያድላል። አንዱ የእሱ፣ አንዱ ባዶው ወንበር ፊት። በሁለቱም እጅ ራሱ ይጫወታል። ሁልጊዜ ተሸናፊው አንተ ነህ፤ ሲያሸንፍህ ግን ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

በጥር ወር እውነተኞቹ እንግሊዞች መጡ።

ወሬው አንተም ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። አቴና ውስጥ የእንግሊዝ ዜጋ ነኝ የሚል የአንድ ሰው ቤት ተዘርፎ ነበር፤ ካሳው ካልተከፈለ ብለው የጦር መርከቦቻቸውን አምጥተው ወደቦቻችንን ዘጉ። ግን ወሬው ስፔትሴስ ከመድረሱ በፊት መርከባቸው ደረሰ። ቴዎፍሎስ ባንዲራውን ከሩቅ ሲያይ «የኛዎቹ መጡ» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። የብር ቁልፍ ያለውን ሰደሪያውን ለበሰ። ለፋሲካ የማደልበውን በግ ከጓሮ ፈታ። «ተው አንተ ሰው፣ ምን እንደፈለጉ እንኳ አታውቅም» ስለው «ወዳጅ ወዳጁን ለምን መጣህ ብሎ ይጠይቃል እንዴ?» አለኝ። በጉን ጀልባ ላይ ጭኖ እየቀዘፈ ሄደ።

እንግሊዝኛው መቼም ያው ነው። «እንደምን አደርክ» ማለት ይችላል፣ «ገመድ ወርውር» ማለት ይችላል፣ ማልታ ላይ የለመደውን አንድ ስድብም ይችላል። ደስታው ሲበዛበት ሦስቱንም አከታትሎ ተናገራቸው። እነሱም በትሕትና አመስግነው በጉን ተቀበሉ። ከዚያ ወደቡ አፍ ላይ መልሕቁን ጥሎ የቆመውን መርከባችንን ቅዱስ ኒኮላዎስን ጎትተው ወደ ሳላሚስ ደሴት ይዘውት ሄዱ።

ቴዎፍሎስ ብቻውን ቀዝፎ ተመለሰ። ሕዝቡ ሁሉ የወደቡ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጠብቀው ነበር።

«ካፒቴን ቴዎፍሎስ፣ የናንተዎቹ ደህና ናቸው?» አሉት ከፈረንሳዩ ቡና ቤት።

«ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋችኋል።»

«መርከቡስ?»

«አውሰናቸው ነው።»

ቤት ሲገባ እግሩን አጠብኩለት። «በስሙ ይሆናል» አለኝ። «ኒኮላዎስ የሚለውን አንብበው የዛሩ መርከብ መስሏቸው ነው።» ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮ ስደርስ ግን የበጉን ባዶ ገመድ አየሁና ሳቁ ጠፋብኝ።

በያንተዎቹም ቢሆን ብዙ አትኩራ። ዛሩ በእንግሊዞቹ ላይ በጣም ተቆጥቷል ይባላል፣ ቁጣው ገና መንገድ ላይ ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ እናስታርቅ ብለዋል፤ እስከዚያው መርከባችን ሳላሚስ ታስሮ ውሃ ይጠጣል።

አሁን የጻፍኩልህበትን ዋናውን ነገር ልንገርህ። በየካቲት ልጁ ታመመ። ሳል ነበር የጀመረው፣ ከዚያ ጉሮሮው ተዘጋ። ቄስ ኒኪፎሮስ ለወንድማቸው ቀብር ኢድራ ደሴት ሄደው በእንግሊዞቹ ምክንያት የሚመልሳቸው ጀልባ አጥተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። እንዲህ ያለ ጊዜ ቄስ ከሌለ ማንም ክርስቲያን ልጁን ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አንስቶ ስም ሰጥቶ ሊያጠምቀው እንደሚችል ታውቃለህ። ልጁን ለቴዎፍሎስ ሰጠሁት።

«አንሳው» አልኩት። «የፈለግኸውን ስም ስጠው። ብቻ ያለ ስም አይሂድብኝ።»

አነሳው። «የእግዚአብሔር ባሪያ» ብሎ ቆመ። አሁን አባቱና ዛሩ ጉሮሮው ላይ ተያያዙ ብዬ አሰብኩ። በዚህች ሰዓት እንኳ በስም ካመነታ ባሌን እኔ ራሴ ገደል እከተዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

«የእግዚአብሔር ባሪያ ፓንዴሊስ» አለ። «በአብ ስም ይጠመቃል።» ሁለተኛ አነሳው፣ ሦስተኛ አነሳው። በወልድና በመንፈስ ቅዱስም ስም ብሎ ጨረሰው። ከዚያ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለኝ። «ፓንዴሊስ የቅዱስ ጰንጠሌዎን ስም ነው። ቅዱስ ጰንጠሌዎን ደግሞ ሐኪም ነው። ልጁ ታሟል፣ የሐኪም ስም አወጣሁለት። ከዚያ ሰውዬ ጋር ምንም አያገናኘውም።»

«አያገናኘውም» አልኩት።

ሲነጋጋ ትኩሳቱ ወረደ። አሁን ደህና ነው፣ ቄሱን ጠይቅ። እሳቸው የተነከሰ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የነገሩኝ ይህ ነው፦ የአባቱ ጥምቀት ጸንቷል፣ ግን ጸሎቱና ሜሮኑ ይቀረዋል፣ ለዚያም የክርስትና አባቱ መጥቶ ማቀፍ አለበት። እንግሊዞቹ የሩሲያ ባንዲራ ያለበትን መርከብ አይነኩም ይባላል፤ እስቲ ያ ዛርህ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመንና እዚህ ያድርስህ። ለፋሲካ ና። በግ የለንም፣ ግን እንቁላል ቀይ ቀለም እነክራለሁ። እኔም ናፍቀኸኛል፤ ከባሌ ጋር ስትጨቃጨቅ ቤቱ ይሞቅ ነበር።

ልጁ አዲሱን ስሙን ገና አልለመደውም። በር ላይ ቆሜ «ፓንዴሊስ» ብዬ ስጣራ ዞር አይልም። ዞር የሚለው ቴዎፍሎስ ነው። ካርታውን ያስቀምጥና መንገዱን ያያል።

የምትጠብቅህ አበልጅህ፣
ካሎሚራ