ከአንሙት ጋር የሚቀመጥ ሰው ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ አቶ አስማማው፣
የአፋፍ ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

«ይህን የሚያህል ጎረምሳ ቤቷ አስቀምጣ ሰው የለኝም ትላለች!» ሲሉ ባለፈው እሑድ ከእድሩ ስብሰባ ሲወጡ በጆሮዬ ሰማሁዎ። የእርስዎን ቃል እንደ ዋዛ ማሳለፍ ነውር ስለሆነ፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ ወይዘሮ ሥራነሽ ቤት ጎራ ብዬ ነገሩን በዓይኔ አረጋገጥሁ። እውነትዎን ነው። ልጇ አንሙት ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ በበሩ ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ የድንኳን ምሰሶ ብቻውን የሚሸከም ትከሻ አለው። ጎረምሳ ነው፤ ቤቷም ተቀምጧል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍልዎ የደፈርሁት በዚህ ያልተሳሳተ ምልከታዎ ተበረታትቼ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለከብትዎ፣ ለዘንድሮ ጤፍዎ፣ በተለይም ለእድራችን አዲስ ድንኳን የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የክረምቱ እርጥበት እንዳያገኘው ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ መቀመጡን አይቼ ደስ ብሎኛል። በሰፈራችን እንዲህ ባለ እንክብካቤ የተያዘ ሌላ ነገር ለጊዜው ትዝ አይለኝም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፤ ሥራነሽ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከልጇ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። አንሙት ኦቲዝም አለው። ይህን ስም ሐኪም የነገራት ልጁ ጢም ካበቀለ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ ያወጣለትን ስም ሁሉ እዚህ ባልደግመው ይሻላል። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ጩኸትና ግርግር ያስጨንቀዋል፤ ድንገት ሲነኩት ይደነግጣል፤ ቀኑ እንደ ትናንቱ ከዋለለት ግን ከማንም ጋር ጠብ የለውም። ማለዳ ከቦኖው የራሳቸውን ውሃ ይቀዳል፤ ከዚያ ተመልሶ የእኔንም ጀሪካን ሞልቶ ደጃፌ ላይ አስቀምጦልኝ ያልፋል፤ ምስጋና አይጠብቅም፤ እንዲያውም ባላመሰግነው ይመርጣል።

አሁን ሥራነሽ ታማለች። ሕመሟን በአደባባይ መዘርዘር አይገባኝም፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል ብሎ ደብረ ማርቆስ ቀጠሮ ሰጥቷታል። እርሷም እዚያ እስክትተኛና እስክታገግም ድረስ ከአንሙት ጋር በተራ የሚቀመጥ ሰው እንዲመደብላት እድሩን ለመነች። ጠዋት ጠዋቱን እኔ ወስጃለሁ፤ የጎደሉት ከሰዓቱንና ሌሊቱን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ኮሚቴው ልመናዋን ሳይቀበለው ቀረ። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ «ደንባችን ስለ ሞተ እንጂ ስለ ታመመ አይናገርም» በማለት ለሥራነሽ የሰጡትን ማብራሪያ አደንቃለሁ። ደንቡን አውጥቼ አነበብሁት፤ እንዳሉት ነው። ሰው ሲሞት አባላት ሐዘንተኛው ቤት ሦስት ቀን በተራ ያድራሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ይጠብቁታል ይላል። እንግዲያው ሥራነሽ የለመነችው ነገር ከጥንትም ተፈቅዶላታል ማለት ነው፤ የሚቀራት መሞት ብቻ ነው። ያን ዕለት ከአንሙት ጋር የሚያድር ሰው ከመትረፍረፉ የተነሣ ቤቱ አይበቃም። ስለ አራተኛው ቀን የሚናገረውን አንቀጽ ግን ብፈልግ አጣሁት። ገጹ የተቀደደ መስሎኝ ነበር፤ አልተቀደደም።

፪ኛ/ ኮሚቴው ልመናዋን ባይቀበልም መታመሟን ሰምቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ መልስ እድርተኛው በሙሉ ተጠራርቶ ሊጠይቃት ሄደ። ወግ ነው፤ በሽተኛ በጅምላ ካልተጠየቀ እንደ ተጠየቀ አይቆጠርም። ቤቱ ሞልቶ ጓዳው ሳይቀር ሰው ቆመበት። ሰው ወዳዷ እመት የብርጓልም አንሙትን አንገቱን አንቀው «የኔ ጌታ! እናትህን አስታምማት እንጂ፤ አንተስ ሰው አይደለህም?» እያሉ በጀርባው ላይ ቸብ ቸብ ያደርጉት ጀመር። አንሙት በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠ። ሥራነሽ ከመደቧ ተነሥታ ሆዷን ይዛ ተከተለችው። ጠያቂዎቹም በሽተኛዋ በሌለችበት ቤት የቀረበላቸውን ጠላ በእርጋታ ጨርሰው፣ ለባዶው መደብ «እግዜር ይማርሽ» ብለው ተበተኑ። እናትና ልጅ የተመለሱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ለጥየቃው እጅግ እናመሰግናለን፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ደግሞ ቀዶ ጥገናው ጭራሽ ሳያስፈልጋት ሊቀር ይችላል።

፫ኛ/ በአምናው የልጅዎ ሠርግ ዕለት አንሙት ውሃ ቀድቶ በደጅዎ ሲያልፍ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ፣ ይህ ሟርት ነው ብለው እናቱን በሽማግሌ ማስጠንቀቅዎ ይታወሳል። ነገሩን በሚገባ መረመርሁት። አባቱ የሞተ ጊዜ ይህ ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ መላው ሰፈር እርስዎን አስቀድሞ እየተሰለፈ ይህንኑ ቃል ነግሮታል። ከዚያ ወዲያ ከሰፈሩ ሰው አንሙትን አነጋግሮት የሚያውቅ የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። እርሱም ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ የሚባለው ይኸው ነው ብሎ ያዘ። ሌላ ሰላምታ እንዲለምድ ከተፈለገ ሌላ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ያሻ ነበር። ለማንኛውም ሙሽራዋ ደህና ናት፤ በሰላም ተገላግላለችም፤ ሟርቱ ስላልሠራ እንኳን ደስ ያለዎት።

፬ኛ/ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ይታያል «ኦቲዝም እኮ የሕፃን ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ብለው ጉባኤውን አረጋግተዋል። እኔም በሬዲዮ ስለዚህ ነገር በተነገረ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሕፃናት ሲሆን እሰማለሁና፣ እነዚህ ሕፃናት ሲያድጉ ወዴት እንደሚገቡ ግራ ሲገባኝ ኖሯል። አሁን ተገለጠልኝ። ቤት ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ቁልፉም እናት መቀነት ላይ ይቋጠራል። መቀነቱ ሲፈታ ቁልፉን ማን እንደሚያነሣው አቶ ይታያል በሚቀጥለው ጉባኤ ቢያብራሩልን።

፭ኛ/ ሥራነሽ ቀብር እየቀረች ስላስቸገረች ከአባልነት ትሰረዝ የሚል ሐሳብም ተነሥቷል። ቀብር የማትወጣው ከልጇ ጋር የሚቀመጥ ሰው ስለሌላት ነው፤ ሰው የማይሰጣት ደግሞ ቀብር ስለማትወጣ ነው። እንዲህ እንከን የማይወጣለት ክብ አውድማ የሚለቀልቅ ገበሬ እንኳ አይሠራም። የገዛ እኅቷ ደብረ ኤልያስ ስትቀበር እንኳ መሄድ አልቻለችም፤ እርሟን ያወጣችው እዚሁ ጓዳዋ ውስጥ፣ አንሙት እንዳይደነግጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው። በደንቡ መሠረት ይህም ከቀረችባቸው ቀብሮች ተቆጥሮባት እንደሆነ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

የተከበሩ ሊቀመንበር፤ ምናልባት ኮሚቴው የፈራው ሥራው ከባድ መስሎት ይሆናል። ከባድ አይደለም። ብቻዎን ይምጡ፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይምጡ፤ ከበሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ይቀመጡ። አይንኩት፤ አይጩኹበት፤ ምጣዱ አጠገብ ያለውን ቦታ አይያዙበት፤ የእርሱ ነው። ሲመሽ እራቱ በዚያች በሰማያዊዋ ሳህን ይቅረብለት። መነጋገር ግዴታ አይደለም። በየለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ተቀምጠን የኖርን ሰዎች ለዚህ የተለየ ሥልጠና የሚያስፈልገን አይመስለኝም። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ የተዘጋጀ ሕዝብ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ከቀጠሮዋ በፊት ሁለት ሰው ቢገኝ ሥራነሽ በሰላም ሄዳ ትታከማለች። ባይገኝም በኮሚቴው አልቀየምም፤ ደንብ ደንብ ነው።

በቁሜ ባይሆንም በቀብሬ እንደማይለዩኝ ሙሉ እምነት ያለኝ፣ ለእድራችን ረጅም ዕድሜ፣ ለድንኳናችንም ደረቅ ክረምት አብዝቼ የምለምን፣

ታዛዥዎ አካለ ወልድ፣
የእድሩ አባልና የሥራነሽ ጎረቤት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በእድሩ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አስቀድሞ የኮሚቴው ማኅተም ያስፈልገዋል ስለተባልሁ አስረክቤ ስጠብቅ ቆየሁ። ኮሚቴው በሁለት ለቅሶ መካከል ፋታ አግኝቶ ዛሬ ማኅተሙን አሳርፎበታል። አንዲት ቃል እንኳ ሳይነካ ስላሳለፈው ከልብ አመሰግናለሁ። የሥራነሽ ቀጠሮ ትናንት ነበር።