ወይዘሮ ዴልሲ ኮትሬል እና የኔትል ወሽመጥ ካርታ

«አፍህ ነው ያስበላን! ሌላ ማንም አይደለም፤ የአንተው አፍ ነው!»

«ሁለት ብርጭቆ ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ክላውድ።»

«ለአንተ ምላስ ሁለት ብርጭቆ ይበቃዋል።»

እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1943 ማለዳ፣ በታዝማኒያ ደቡብ ጠረፍ በምትገኘው በዶቨር ከተማ፣ ሎብስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱት አቶ ክላውድ ኮትሬል ከሚስታቸው ወንድም ከአቶ አልቢ ጋር በግቢያቸው በር ላይ ተያይዘው ነበር። አቶ አልቢ መጠጥ ቤት ገብተው የቤተሰቡን ማጥመጃ ቦታ ለአንድ የሆባርት ሰው ነግረዋል ተብለው ተጠርጥረዋል። ጠቡ ሲጋጋል አዋላጇ በመስኮት ብቅ ብለው ሴት ልጅ መወለዷን አበሰሩ። አቶ ክላውድ ቆባቸውን አውልቀው «ተመስገን» አሉ፤ ቆቡን መልሰው አጠለቁና ነገሩን ካቆሙበት ቀጠሉ። የሕፃኗ እናት ወይዘሮ አይሪስ ይህን እየሳቁ ሲያወሩት ኖረዋል። ወይዘሮ ዴልሲ ኮትሬል የተወለዱት እንዲህ ባለ ጠዋት ነው።

በዶቨር ሰው ወጥመዱን የሚጥልበትን ቦታ ለጎረቤት ቀርቶ ለሚስቱም አይናገርም። ቦታው የሚታወቀው ከባሕር ላይ ሆነው ሲያዩት ነው፤ አንድ የደረቀ ዛፍ ከኮረብታው ስንጥቅ ጋር፣ አንድ ቤት ደግሞ ከኋላው ካለው ቋጥኝ ጋር ሲገጥም ወጥመዱ ይጣላል። ይህ ምልክት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። «የት ዋላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ግን የከተማው መልስ አንድ ነው፤ «ኔትል ወሽመጥ»። ኔትል ወሽመጥ ከከተማዋ በስተሰሜን ያለ፣ ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ስፍራ ነው፤ ሎብስተር ደግሞ ቋጥኝ እንጂ አሸዋ አይወድም። መልሱ «ምን አገባህ» ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ጠያቂውም ሳይቀየም ስቆ ያልፋል።

ወይዘሮ ዴልሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶቨር፣ ሁለተኛ ደረጃን በሆባርት አጠናቀዋል። በእረፍት ጊዜያቸው ከአባታቸውና በ1948 ከተወለዱት ወንድማቸው ከአቶ ሮስ ጋር ጀልባ ላይ ይውሉ ነበር። ምልክቶቹን ሁለቱም ልጆች ተምረዋል። አባታቸው ጀልባውን ለሮስ እንደሚያወርሱ የታወቀ ስለነበር ወይዘሮ ዴልሲ ፊታቸውን ወደ ሒሳብ መለሱ።

በ1961 ሆባርት ውስጥ ገና በተከፈተው የደቡብ ውሃዎች መረጃ ማዕከል በካርድ በሺነት፣ ማለትም ቁጥሮችን ለማስሊያ መኪና በካርድ ላይ በቀዳዳ በመመዝገብ ሥራ፣ ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ስለ ባሕሩ የሚታወቀው ነገር እንደ ተሰበረ ሸክላ የተበታተነ ነበር። የመብራት ቤት ጠባቂው የማዕበሉን ከፍታ በራሱ መሳቢያ፣ የባሕር ኃይሉ ጥልቀቱን በራሱ ሣጥን፣ የንግድ መርከቡ የውሃውን ሙቀት በራሱ መለኪያ ይዞ ተቀምጧል። የማዕከሉ ሥራ ይህን ሁሉ ለምኖም ተለማምጦም መሰብሰብ፣ ወደ አንድ መለኪያ ማምጣትና ለሚጠይቅ ሁሉ መስጠት ነበር። ወይዘሮ ዴልሲ ሥራውን ወደዱት። «ትናንት ያልለካነውን ውሃ ነገ ሄደን አንለካውም» ይሉ ነበር። ማታ ማታ እየተማሩ በ1969 በሒሳብ ተመረቁ። በመካከሉ፣ በ1967፣ ከሆላንድ የመጡትን ጀልባ ሠሪ አቶ ቴዎ ደ ግራፍን አግብተው ልጃቸውን ሊስቤትን ወልደዋል።

መንግሥት በእነዚያ ዓመታት ለዓሣ አጥማጆች ቴርሞሜትር አድሎ፣ የውሃውን ሙቀትና የለኩበትን ቦታ በካርድ ላይ እንዲሞሉ ጠይቆ ነበር። ሰዎቹም ሳያጓድሉ ሞሉ። ካርዶቹ በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ሲያልፉ የቦታው ስም ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥር እየተለወጠ ማዕከሉ ዘንድ ይደርሳል። በ1971 ወይዘሮ ዴልሲ ከእነዚህ ቁጥሮች የደቡቡን ጠረፍ የመጀመሪያ የሙቀት ካርታ ሠሩ። ካርታው ላይ ጠረፉን ተጠግቶ አንድ እንግዳ ነገር ታየ፤ በአንዲት ጠባብ ስፍራ፣ በአንድ ማለዳ፣ ውሃው እንደ ጥልቅ ባሕር ቀዝቃዛም እንደ ኩሬ ሞቃትም ይሆናል። ከባሕሩ ወለል የሚፈልቅ ምንጭ ሊኖር ይችላል ተባለ። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ሄልስ በደስታ የምርምር መርከብ አስላኩ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ዴልሲ ለእሑድ ምሳ ዶቨር ወርደው ነበር። የበጉ ጥብስ ገና ተቆርጦ ሳያልቅ አባታቸው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፤

«ያ ትልቁ መርከብ ኔትል ወሽመጥ ላይ ምን ይሠራል? ሳምንት ሙሉ ጠላቂ እያወረደ ያወጣል።»

ወይዘሮ ዴልሲ ሹካቸውን አስቀመጡ። «የት ነው ያልከው አባዬ?»

«ኔትል ወሽመጥ።»

«እውነተኛው ኔትል ወሽመጥ?»

አቶ ሮስ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከጠረጴዛው ተነሡ። የከተማዋ አጥማጆች በሙሉ፣ ለዓመታት፣ ካርዱ ላይ የጻፉት ያንኑ ስም ነበር። ወይዘሮ ዴልሲ ቀልዱን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ለመንግሥት ካርድም ይጻፋል ብለው ግን አልጠረጠሩም፤ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይተውት አያውቁምና።

«ዋሻችሁኝ!» አሉ።

«ማን ዋሸሽ? ሙቀቱን አንድ ዲግሪ አልጨመርንም፣ አልቀነስንም» አሉ አባታቸው። «ውሃው የሁሉም ነው። ቦታው የኔ ነው። ለመንግሥት ወረቀት ጓዳዬን ልክፈት እንዴ?»

«እኔ እኮ ነኝ ካርታውን የሠራሁት!»

«እንግዲያው ወሽመጡን በደንብ አድርገሽ ታውቂዋለሽ፣ ልጄ። በይ ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ዴልሲ በሁለት እሳት መካከል ነበሩ። ካርታውን ዝም ቢሉት ማዕከሉ ሐሰት ይዞ ይቀመጣል፤ እውነተኛውን ቦታ ቢያወጡት ደግሞ የአባታቸውንና የጎረቤቶቻቸውን እንጀራ ለሌላ ይሰጣሉ። ሰኞ ጠዋት ለዶክተር ሄልስ ሁሉንም ነገሯቸው። ዶክተር ሄልስ «መርከቡን ማን ይመልሰው?» ብለው ጠየቁ፤ ቀጥሎም ካርዶቹ በሙሉ እንዲጣሉ አዘዙ። ወይዘሮ ዴልሲ እምቢ አሉ። ሙቀቱ እውነት ነው፤ የጎደለው ቦታው ብቻ ነው። ወደ ወደቦቹ ወርደው አጥማጆቹን አንድ በአንድ እውነተኛውን ቦታ እንደሚጠይቁ ነግረው፣ ማዕከሉ ቦታውን በግምት ብቻ እያሳየ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በትክክል እንዳያወጣ ቃል እንዲገባ ጠየቁ።

«ይህ የመረጃ ቤት ነው እንጂ የንስሐ አባት ቤት አይደለም» አሉ ዶክተር ሄልስ።

«ንስሐ የሚገባው ሰው ካህኑን ካላመነ ምን ይናገራል?»

ተፈቀደላቸው። ለበርካታ ዓመታት ከዶቨር እስከ ምሥራቁ ጠረፍ ያሉትን መርከብ ማቆሚያዎች ዞረዋል። በመጀመሪያው ዓመት ያገኙት ፌዝ ነበር፤ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው «የኔትል ወሽመጥ ንግሥት መጣች!» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ አይቸኩሉም። እያደር አንዱ አዛውንት፣ ከዚያም ሌላው፣ ምልክቱን ነገሯቸው። የነገሯቸው ቦታ ሾልኮ ሌላ ጀልባ እንዳልመጣ ሲያዩ የቀሩትም ተከተሉ። ሐሰተኛው ቦታ ከካርዱ አልተፋቀም፤ እውነተኛው ከጎኑ ተጻፈ። «የተሳሳተውን አትሰርዙ፤ አጠገቡ ምልክት አድርጉ፤ እኛም ተሳስተን ይሆናል» የሚለው ደንባቸው እስከ ዛሬ በማዕከሉ ይሠራበታል።

በመጨረሻ ያልተናገሩት አባታቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ከሁሉም በላይ ለረጅም ዘመን፣ ክረምት ከበጋ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሳይነቃነቁ ለክተዋል። በ1984 አርጅተው የባሕር ሥራን ካቆሙ በኋላ፣ በረንዳ ላይ ፖም እየላጡ ሳለ፣ ሳይጠየቁ፣ ወይዘሮ ዴልሲ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ግን ያለ አባታቸው ፈቃድ ያልተጠቀሙበትን ምልክት ተናገሩ።

«ሮስ እዚያ ወጥመድ እየጣለ እስካለ ድረስ ማንም አያየውም» አሉ። «ከዚያ በኋላ የእሱ ጉዳይ ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ አትበይኝ። ቃል ስጪኝ።»

ወይዘሮ ዴልሲ ቃል ሰጡ። አቶ ክላውድ በተከታዩ ዓመት አረፉ።

በ1986 ወይዘሮ ዴልሲ የማዕከሉ ኃላፊ ሆኑ። በእሳቸው ዘመን ካርዱ ወደ ቴፕ፣ ቴፑ ወደ ኮምፒውተር ተሸጋገረ። በየደሴቱ የማዕበል መለኪያ ተተከለ፤ የፊጂና የሳሞአ ባለሙያዎች ሆባርት መጥተው ሠለጠኑ። ዛሬ መርከበኛው ከመነሣቱ በፊት፣ ወደብ ሠሪው ድንጋይ ከመጣሉ በፊት፣ ዓሣ አርቢው መረቡን ከመዘርጋቱ በፊት ማዕከሉን ይጠይቃል። ሠራተኞቻቸው ሲያስታውሷቸው ቁጡ አልነበሩም ይላሉ፤ ነገር ግን የለካው ሰው ማን እንደሆነ ያልተጻፈበት ቁጥር ካዩ ወንበራቸውን ገፍተው ይነሡ ነበር።

በ1998 መረጃው ሁሉ ያለ ገደብ ለዓለም ይከፈት የሚል መመሪያ ወጣ። ወይዘሮ ዴልሲ መመሪያውን በመርሕ ይደግፉት ነበር፤ ሕይወታቸውን በሙሉ የደከሙትም መረጃ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ነው። የአጥማጆቹን ቦታ ግን አልሰጡም። የተተኪው ትውልድ አለቆች «ወይዘሮ ዴልሲ፣ እነዚህ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል» ሲሏቸው «ግማሾቹ አልሞቱም» ብለው መለሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ባለቤቶቹ ወይም ወራሾቻቸው የፈቀዱት ተከፈተ፤ ያልፈቀዱት ተዘግቶ ቀረ። እሳቸውም በ2003 ጡረታ ወጡ። የስንብት ግብዣ አልፈለጉም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ከበዳቸው። ከሰሜን የሚወርደው ሞቃት የባሕር ጅረት ከዓመት ዓመት ወደ ደቡብ እየገፋ መጣ፤ ከእሱም ጋር እሾሃማው የባሕር ጃርት መጥቶ ሎብስተሩ የሚኖርበትን የባሕር አረም ደን ይግጥ ጀመር። ለውጡ መቼና በምን ያህል ፍጥነት እንደመጣ ለማሳየት፣ የቀረውንም ቋጥኝ ለማስጠበቅ፣ በአንድ ቦታ ለረጅም ዘመን የተለካ ውሃ ያስፈልጋል። በዚያ ጠረፍ እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የአቶ ክላውድ። በ2009 ወይዘሮ ዴልሲ ወንድማቸውን ለመኑ።

«አባባ አፈር ከለበሰ በኋላ ልታጋልጪው ነው?» አሉ አቶ ሮስ።

«ውሃው እየሞቀ ነው፣ ሮስ። ቦታውን ለማዳን ነው።»

«ካርታ ላይ የወጣ ቦታ ሲድን አላየሁም። እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም፣ ዴል።»

ወይዘሮ ዴልሲ ቁልፉ በእጃቸው ነበር። ምልክቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ለማዕከሉ በአንድ የስልክ ጥሪ መንገር ይችሉ ነበር። አልነገሩም። በየገናው ከወንድማቸው ጋር አንድ ማዕድ ይበላሉ፤ ስለ ፖም፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ፤ ስለ ውሃው አንድም ቃል አይነሣም። ባለቤታቸው አቶ ቴዎ እስከሞቱበት እስከ 2011 ድረስ «ሁለታችሁም አባታችሁን ናችሁ» ይሏቸው ነበር።

በ2018 መገባደጃ የጣፊያቸው ካንሰር ታወቀ። በሆባርት ሐኪም ቤት ጥቂት ከታከሙ በኋላ በራሳቸው ምርጫ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ወር አቶ ሮስ ሳይጠሩ ከዶቨር መጡ፤ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ቦታው ሞቷል፣ ዴል» አሉ። «ጃርቱ ጨርሶታል። ቋጥኙ እንደኔ ራስ መላጣ ሆኗል። ወጥመዶቼን አወጣሁ።»

«ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር?»

«ስለ አባታችን ቦታ እያወራሁሽ እኮ ነው!»

«እኔም ስለሱ ነው የምጠይቅህ።»

አቶ ሮስ ዲግሪውን ነገሯቸው። መለካታቸውን አላቆሙም ነበር። ከዚያም «ክፈቱት፤ ቢያንስ ምን እንደነበረ ይታወቅ» አሉ።

ወይዘሮ ዴልሲ ልጃቸውን ሊስቤትን፣ ወንድማቸውን አቶ ሮስን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ከታዝማኒያ እስከ ሳሞአ ያሉ በርካታ የሥራ ልጆችን ትተዋል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2019፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሊስቤት የደቡቡን ጠረፍ ካርታ በእናቷ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤ አቶ ሮስም ምልክቱን መናገር ጀመሩ። ቤቱ ከቋጥኙ ጋር የሚገጥመው በበሩ በኩል ነው ሲሉ፣ ወይዘሮ ዴልሲ ከትራሳቸው ሳይነሡ «በጭስ ማውጫው» ብለው አረሟቸው። አቶ ሮስ «ልክ ነሽ፣ በጭስ ማውጫው» አሉ። ቀጥሎ የጥልቀቱ ጉዳይ መጣ። አጎትና የእህት ልጅ በዚያ ላይ አልተስማሙም፤ ካርታው ላይ አጎንብሰው ሲከራከሩ ሻዩ ቀዘቀዘ። ወይዘሮ ዴልሲ ኮትሬል ደ ግራፍ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ያረፉት በዚህ መካከል ነው።

ቃላቸውን የጠበቁትን የወይዘሮ ዴልሲን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይጠብቅልን።