ለእህታችን ለቲያማ ስለተደወለው ደወል

ለምወድህ ወንድሜ ለሂሳር፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኔልማና ልጆቹስ ደህና ናቸው? የጃካርታ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ቁጣዬ ብቻ አልበርድ ብሎኛል። አጻጻፌ ቢያስከፋህ ቻለው።

የእህታችንን የቲያማን ሞት ከፖስታ ቤት በደረሰህ ቴሌግራም ሰምተሃል። እንዴት እንደተቀበረች ግን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማ ከእኔ ስማው።

እንደምታውቀው ያንን ባለ ሚስት ሰውዬ ተከትላ ከሄደች ጀምሮ ከጌታ እራት ታግዳ ነበር። ሰውዬው ከሞተ በኋላም በጉባኤ ፊት ቆማ በደሏን መናገር እያሳፈራት፣ የኋላው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠች ዓመታት አለፉ። የእገዳውን ወረቀት ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ። አልክድም።

ሕመሙ ሲጸናባት እጄን ይዛ፣ «ወንድምዓለም፣ ይዤ የምቀርበው አንድም ነገር የለኝም፤ ይቀበለኝ ይሆን?» አለችኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ቆጥሬ ወንጌሉን ማንበብ ከጀመርኩ አርባ ዓመቴ ነው፤ ሌላ መልስ አላገኘሁበትም። «ይቀበልሻል» አልኳት። በማግስቱ ሞተች።

ቄሱ ግን፣ ያ አምና የተላከልን ልጅ፣ «አባባ ኤልካና፣ ለታገደ ሰው ደወል አይደወልም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለኝ። እኛ ዘንድ ደወል ሳይሰማ መቀበር እንደ ውሻ መጣል መሆኑን ታውቃለህ።

ሊያግዙኝ የመጡት ደግሞ ይባስ አናደዱኝ። ዓሣ ሻጯ የሳውር እናት ቢላዋዋን እንደያዘች ቄሱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «አንተ ልጅ! የዚህን መንደር ሬሳ ሁሉ ያጠበችው ማን ሆነችና ነው? ሚስትህ ስታምጥ ወገቧን የደገፈችው ቲያማ አይደለችም? እስቲ አንተን ማን እንደሚያጥብህ አያለሁ!» አለችው። ሰው ሳቀ። እሱም አሰብ አድርጎ፣ «መልካም ሥራዋ ብዙ ከሆነ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመዝኑት» አይል መሰለህ!

ይመዝኑት! ደሜ ፈላ። «አንተም ዝም በል፣ አንቺም ዝም በይ! ደወሉ የሬሳ ማጠቢያ ደመወዝ ነው እንዴ? በሥራማ ቢሆን ለማናችን ይደወል ነበር? ገበያ መሀል የሰው ጥርስ ላወለቀው ለአባቴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ሄጄም ገመዱን ሳብኩት፤ ክንዴ እስኪዝል ሳብኩት። ቄሱ መቃብሩ ጋ አልመጣም። ጸሎቱን እኔው አነበብኩ።

የደወልኩት ደግ ስለነበረች አይደለም፣ ሂሳር። በድላለች። እኔም ያንን ወረቀት ሳላመነታ የፈረምኩት ራሴን ከእሷ አስበልጬ ስለነበር ነው። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን የታገድኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው እሑድ ስሜ በጉባኤ ተነበበ። ይቅርታ ጠይቅ ይሉኛል። ስለ ፊርማዬ በሁሉም ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ፤ ስለ ደወሉ ግን አልጠይቅም። እንግዲህ ለቀብሬ ስትመጣ ደወል ላትሰማ ትችላለህ። አደራህን፣ ቄሱ ዘንድ ሄደህ «ወንድሜ ይህን ሠርቷል፣ ያንን ሠርቷል» እያልክ እንዳትለምንልኝ። አፈር ውስጥ ሆኜም እቀየምሃለሁ።

ኔልማን ስለላከችው መድኃኒት አመስግንልኝ። ጉስታፍ በትምህርቱ ይበርታ። ትንሿን ሪስማን ጉንጯን ሳምልኝ። ለአማትህም የከበረ ሰላምታዬን አድርስ።

ታላቅ ወንድምህ ኤልካና
ሉምባን ባሪንጊን፣ ቶባ ሐይቅ ዳር
ኦክቶበር 9 ቀን 1974