ለባዝራዋም ለሰውም የሚበቃ መስክ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 4 ቀን 2003 ዓ.ም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ልጄ ተሾመ ባዝራ ፈረሴን ሸጠብኝ። እንጅባራ ትቻት የመጣሁትን፣ ከዚህ ከባሕር ማዶ ሆኖ ስልክ ደውሎ አሸጣት። ሸጦም ዝም አላለም። ሦስት ክረምት ሙሉ "ደህና ናት አባዬ፣ ወፍራለች" እያለ ዋሸኝ። እውነቱን የነገረኝ ለቅሶ ቤት ያገኘሁት የአገሬ ሰው ነው። በማግስቱ ኢስት ዮርክ ሰፈር ካለው ቤቱ ወጣሁ። ዌስተን ሰፈር ይህችን አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኩትም። ደብተር፣ ይህን ደጋግሜ ጽፌብሃለሁ። ገናም እጽፋለሁ።

ዛሬ ሽንኩርት እያቁላላሁ ሶስና መጣች። የተሾመ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከዚያ ቤት የምትመጣው እሷ ብቻ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ያመጣችልኝን ዘይት አስቀምጣ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ዘረገፈች። የካምፕ ቦታዎች፣ ድንኳን ተክለው የሚያድሩባቸው፣ ሦስት። በሰመር ሊወጡ ነው፤ መስማማት አቅቷቸዋል። እሷ ከጓደኛዋ ጋር በጋራ የያዘቻትን ፈረስ ይዛ መሄድ ትፈልጋለች፤ በረት ያለው ይሁን ትላለች። እናቷ አልማዝ ትንንሾቹ መንትያ ልጆቿ የሚንቦራጨቁበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ትላለች። አባቷ አርቪ፣ ያን ቤት የተሸከመ መኪና፣ ሊከራይ ነው። መብራት የሚሰካበት ከሌለ አልሄድም ብሏል።

"አባባ፣ አንተ ምረጥልን። ፈረስ የምታውቀው አንተ ነህ።"

"እርስዎ በይ።"

"ሶሪ። እርስዎ ምረጥልን።"

አባትሽ ይሄዳል ወይ አልኳት። ይሄዳል። እንግዲያው እኔ አልሄድም። መምረጡን ግን እመርጣለሁ፤ መምረጥ ሌላ፣ መሄድ ሌላ። ሳቀች። ምኑ ያስቃል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ወረቀቶቹን በመዝገበ ቃላት አነበብኩ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም። ፊደልም ያስቆጠረኝ የለም። ሁለቱንም ብቻዬን ነው የለቀምኳቸው።

ሦስቱም ወረቀት ላይ ገነት ናቸው። ፎቶው ሁሉ ፀሐይ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ የጻፈ የለም። ሲዘንብ መሬቱ ምን እንደሚሆን የጻፈ የለም። ለሶስና ደወልኩ። ካላየሁ አልመርጥም፣ አበቃ። ቅዳሜ በመኪናዋ ትወስደኛለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ደክሞኛል። ካልጻፍኩ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንደኛው፦ ጠጠር። በረቱ ከአርቪዎቹ ጄኔሬተር ጎን። ከመኪና አልወረድኩም።

ሁለተኛው፦ ሣሩ ጥሩ፣ ወንዙ ጥሩ። የፈረሱ መንገድ ግን የልጆቹን የብስክሌት መንገድ ያቋርጣል። አንድ ልጅ ደወሉን ቢያቃጭል ፈረስ ይደነግጣል፣ ይራገጣል። አይሆንም። ሶስና ተናደደች። "አንተ ለመምረጥ አይደለም የመጣኸው፣ ኖ ለማለት ነው" አለችኝ። አላረምኳትም። ምሳ እሷ በርገር በላች። እኔ የሐዋርያት ጾም ላይ ነኝ፤ የተጠበሰ ድንች።

ሦስተኛው፦ ሩቅ ነው፣ ከከተማው ሰሜን። ባለቤቲቱ አሮጊት ፈረንጅ። ፈገግታ አታውቅም። ገና ሳንወርድ ክልክሉን ደረደረችው፦ ያልታሰረ ውሻ ክልክል፣ ሙዚቃ ክልክል፣ ድንጉላ ፈረስ ክልክል። ወደድኳት። አርቪዎቹ ከላይ ኮረብታው ላይ ናቸው፣ መብራት አላቸው። ድንኳኖቹ መሐል፣ ከኩሬው ዳር፤ ውሃው ልጅን ከጉልበት አያልፍም። ፈረሶቹ ከታች። እዚህ ላይ ያዝኳት። ሲዘንብ የላዩ ጎርፍ ሁሉ ታች ይወርዳል፣ ፈረስ ጭቃ ውስጥ ሊያድር ነው አልኩ። ሶስና ተረጎመች። ሴትዮዋ ቀድማኝ ቁልቁል ወረደች። ከበረቱ በላይ ቦይ አስቆፍራለች፣ በጠጠር የተሞላ። ትናንት ዘንቧል፤ መሬቱ ግን ደረቅ። ተሳስቻለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም። ላንተ ነገርኩህ።

ይህ ነው ቦታው። ቀኑንም ወሰንኩላቸው። ፍልሰታ ሳይገባ፣ ሥጋ ሳይከለከል፤ ሐምሌ 23፣ ቅዳሜ። ሶስና እዚያው ከሴትዮዋ ጋር ጨረሰች።

ስንመለስ ፈረሷን ላሳይዎ ብላ ጋጣው ጋ ወሰደችኝ። ባዝራ ናት። ዳማ። ግንባሯ ላይ ነጭ፣ እስከ አፍንጫዋ የሚወርድ። ልክ የኔይቱ። ማን መረጣት አልኩ። ዳድ ነው አለች። ስንቱን ሲያሳዩት ኖ፣ ኖ፣ ግንባሯ እንዲህ አይደለም ይል ነበር። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያታል፤ አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም።

ባዝራዋ እጄን አሸተተች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ሶስና እያለቀሰች ደወለች። እኔ ሐምሌ 23 ስል በእኛ አቆጣጠር ነው። እሷ ያደገችው ጁላይን ሐምሌ እያለች ነው፤ ጁላይ 23 አስያዘች። አንድ ሳምንት ቀድሞ። ያም ቅዳሜ ነው፤ በምን ትጠርጥር? ቤቷ ገብታ "አባባ ሐምሌ 23 ብለዋል" ስትል የኛ ሐምሌ መሆኑ አባቷን ገባው። ሰኞው በዓል የሆነበትን ሳምንት ለይቶ ፈቃድ ጠየቀ፣ አርቪውን ያዘ። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ፈቃዱ አይለወጥም። ሴትዮዋ ጋ ኮል አድርጋለች፤ የበዓሉ ሳምንት ሞልቷል። በፊተኛው ቀን ከሄዱ ያለ ተሾመ ነው።

ያለ ተሾመ! ደብተር፣ አልዋሽህም፣ ልቤ ዘለለ። እሱ ከሌለ እኔ እሄዳለሁ። ባዝራዋን አጠጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እቦርሻታለሁ። ማንም አልገፋውም፤ ራሱ ሆነ። ሶስናም አጉረመረመች፤ በቃ፣ ቢያንስ እርስዎ ይመጣሉ አለች። ላስብበት አልኳት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6፤ ጠዋት

ከአጥር ውጭ ቆሞ ምን ያያል? ሻዬ ገነፈለ።

ደግሞ ይህ አለ፦ እኔና እሱ አንድ ቃል ሳንነጋገር አንድ ቀን ላይ ደረስን። የኔን 23 የተረዳው እሱ ብቻ ነው።

ለሴትዮዋ ራሴ ደወልኩ። የምለውን አስቀድሜ ጻፍኩት፤ አነባለሁ እንጂ ምላሴ አይታዘዝም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጅቱ አይደለም አልኳት። ሞልቷል አለች። ከበረቱ ጀርባ ባዶ ሜዳ አይቻለሁ አልኳት። እዚያ መብራት የለም፣ እናንተ ደግሞ አርቪ አላችሁ አለች። ልጄ ያደገው ያለ መብራት ነው፣ አይሞትም አልኳት። ከዚያ ሳቀች። ያቺ ሴትዮ ሳቀች! ጠዋት ፈረሶቹን የሚያጠጣላት ሰው ካለ ትፈቅዳለች። አለ አልኳት።

ቀጥዬ ለተሾመ ደወልኩ። ቁጥሩን አልረሳሁትም።

"አባዬ?"

"መብራት የለውም።"

"ምኑ?"

"ለመኪናህ የሚሰካበት መብራት የለም። ሻማ ያዝ።"

"እሺ አባዬ። እርስዎስ ይመጣሉ?"

ፈረሶቹን የሚያጠጣ ሰው ተፈልጓል አልኩት። ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 22፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሸክፌአለሁ። ጋቢ፣ ባትሪ፣ የፈረስ ብሩሽ። ብሩሹን ሶስና ገዝታልኝ ነው፤ ጠጉሩ ለስላሳ ነው፣ አልወደድኩትም፣ ይሠራል። ደመና አለ። ይዝነብ፤ ቦይ ተቆፍሯል።

ተሾመ መጥቶ ሄደ። ሸብቷል። በሩ ላይ ቆሞ ጀመረ፦ አባዬ፣ ስለ ባዝራይቱ፣ ያን ጊዜ የሚያበላት ሰው ጠፍቶ፣ ብነግርዎ ጥለውን ይመለሳሉ ብዬ ፈርቼ… እጄን አነሣሁ። ጫማህን አውልቅና ግባ፣ ወጥ አለ አልኩት። በላ። ሁለት ጊዜ አስጨመረ። "ጨው በዝቶበታል" አለኝ፣ እናቱን መስሎ። ብላና ዝም በል አልኩት።

ነገ ማለዳ ይመጣል። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

ደብተር፣ ስማ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አልፍቀውም፤ ሆኗልና። ግን ከዛሬ ጀምሮ በአፌ አላነሣውም። እሱም እንዳያነሣብኝ። እዚህም አልጽፈውም። ብትጠይቀኝ አልመልስልህም።